ጆንያ ከማምጣታችሁ በፊት

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ጎረቤቴ ባዶ ጆንያ ይዛ በሬ ላይ ቆመች። «ሲስተር፣ ይህችን አዱሬ ከተማ ወስዶ ገበያ መሀል የሚለቅልኝ ሰው ፈልጊልኝ» አለችኝ። አዱሬ በኦሮምኛ ድመት ማለት ነው። እዚህ ሐርላ ኦሮምኛ የማይችለውም ሰው ድመትን በዚሁ ስም ይጠራታል። ምን አድርጋሽ ነው ብላት፣ ለሦስተኛ ጊዜ መስገጃዋ ላይ ሸንታባታለች።

«ድመት ራሷ ንጹሕ ናት። ከጠጣችበት ውሃ ዉዱእ ማድረግ ይቻላል ብለው ነው ሼኮቻችን ያስተማሩን። ሽንቷ ግን ነጃሳ ነው። በየቀኑ መስገጃ እያጠብኩ እስከ መቼ?» አለች። እውነቷን ነው። ውሃ በጄሪካን እየተቆጠረ በሚቀዳበት ቤት በየቀኑ ምንጣፍ ማጠብ ቀልድ አይደለም። ቡና ልትጠጣ የመጣችው ሌላዋ ጎረቤታችን ደግሞ «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ብላ ፍርዱን ዘጋችው።

እኔ ግን «ዐመል ነው» የሚባለውን ነገር እፈራዋለሁ። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ስንት ሕመም በዚህ ቃል ተሸፍኖ ሲያልፍ አይቻለሁ። ሌሊት ደጋግመው ለሽንት የሚነሱ አባት «እርጅና ነው» ይባላሉ፤ ሲመረመሩ ስኳር ይገኝባቸዋል። ብዙ ወራት ሳታረጥብ የቆየች ልጅ እንደገና ፍራሽ ላይ መሽናት ስትጀምር «ቅብጠት ነው» ተብላ ትገረፋለች፤ ሲታይ ግን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አለባት፣ ወይም ያስደነገጣት ነገር አለ። ድመትም እንደዚሁ ናት። ተፈጥሮዋ ቆፍሮ መሽናት፣ ከዚያም አፈር መመለስ ነው። ይህን የተወች ድመት ምክንያት አላት። ስለዚህ ጎረቤቴን «ጆንያውን አስቀምጪና ቡናሽን ጠጪ፤ የእኔን ጉድ ላጫውትሽ» አልኳት። ለእሷ ያጫወትኳትን ለእናንተም ልጻፈው።

የእኔ ጉድ ነብሮ ይባላል። አይጥ የማሽላውን ጆንያ ሲጨርስብን ልጄ በካርቶን ይዞት የመጣ ወንድ ድመት ነው። በሁለት ወር ውስጥ አይጡን ጸጥ አሰኘልን። የ7 ዓመቱ የልጅ ልጄም ያለ እሱ አልተኛም ማለት ጀመረ። ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላው ግን ቤቱ ይሸት ጀመር። መጀመሪያ የበሩ መቃን፣ ቀጥሎ መጋረጃው፣ በመጨረሻ ደግሞ የምራቴ ፍራሽ። ምራቴ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረችና ሽታው ገና ከደጅ ያስመልሳት ነበር።

የሠራሁትን ስሕተት አልደብቃችሁም። መጀመሪያ በሩንና መስኮቱን እንደዘጋሁ ሽንቱ ላይ በረኪና ደፋሁበት። ብዙም ሳይቆይ ዓይኔን አቃጠለኝ፣ ጉሮሮዬን አነቀኝ፣ ሳል እያጣደፈኝ ወጣሁ። በሆስፒታል ስንት ዓመት በረኪና በጥብጬ ሳበቃ ይህን መርሳቴ አሳፈረኝ። በንዴት ተመልሼ ነብሮን ማጅራቱን ይዤ አፍንጫውን ፍራሹ ላይ አሸሁት፤ በነጠላ ጫማዬም መታሁት።

የልጅ ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። «እማማ፣ እኔ አልጋ ላይ ስሸና ማንም አይምታው ብለሽ አልነበር?» አለኝ።

ልጁ እስከ አምስት ዓመቱ ፍራሽ ያረጥብ ነበር። አባቱ ቀበቶ ሲፈታ መሀል የገባሁት እኔ ነኝ። ጫማውን ጣልኩት።

ከዚያ ቀደም ብዬ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ፤ ቁጭ ብዬ አየሁት። ነብሮ ጥግ ሄዶ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ጠብታ ሳይወጣው ይነሳል። ሌላ ጥግ ሄዶ እንደገና ይቀመጣል። ድምፁ የተለመደው የድመት ጩኸት አልነበረም። «እማማ፣ ነብሮ ሊወልድ ነው እንዴ?» አለኝ ልጁ። ፍራሹን ገልጬ ሳየው እድፉ ሮዝ መልክ ነበረው። ደም ነበር። ሆዱን በቀስታ ስዳስሰው ከታች በኩል እንደ ብርቱካን የጠጠረ ነገር እጄ ላይ መጣ። ሽንት ተዘግቶባቸው በሌሊት በሰው ሸክም ሆስፒታል ይመጡ የነበሩ ሽማግሌዎች ትዝ አሉኝ።

በዘንቢል ከትተን በባጃጅ ከተማ ወረድን። የእንስሳት ሐኪሙ ማደንዘዣ ሰጥቶ ቀጭን ቱቦ አስገባለትና ሽንቱ ወጣ። «እስከ ነገ ብታሳድሩት ኖሮ ላታገኙት ትችሉ ነበር» አለን።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ሌላ ወንድ ድመት ነበረን። እሱም እንዲሁ በየጥጉ መቀመጥ ሲያበዛ አንድ ማታ ወደ ውጭ አስወጥቼ በሩን ዘጋሁበት። ጠዋት ከውሃው በርሜል ሥር ሞቶ አገኘነው። ያኔ ውሻ ነክሶት ነው ብለን አለፍን። አሁን ሳስበው ግን ከሐኪም ዘንድ መድረስ የነበረበት እንስሳ ነበር።

አንደኛ፦ ታሞ ይሆን?

ድመት ቤት ውስጥ ስትሸና የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። ቶሎ ቶሎ መቀመጥ፣ ጥቂት በጥቂት መሽናት፣ ማማጥ፣ ደም የተቀላቀለበት ሽንት፣ ብልትን ደጋግሞ መላስ፣ ሲሸኑ መጮኽ የሕመም ምልክቶች ናቸው። በተለይ ወንድ ድመት የሽንት መውጫው ጠባብ ስለሆነ በጥቃቅን ጠጠርና በንፍጥ መሰል ነገር ይደፈናል። ሽንት ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ቆሻሻው ወደ ደም ይመለሳል፣ ኩላሊት ይደክማል፣ በደም ውስጥ ፖታሲየም የሚባለው ንጥረ ነገር ይጨምርና ልብን ያቆማል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ነው። የሚያምጥ፣ ግን ሽንት የማይወጣው ወንድ ድመት ካያችሁ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ይየው። ውሃ አብዝታ እየጠጣች ብዙ የምትሸና ድመት ደግሞ ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ሊኖርባት ይችላል።

ከእኛ ዓይነቱ ሙቀት ጋር የሚያያዝ ነገርም አለ። የቤት ድመት ዘሯ ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት ነው። ከሰው ጋር መኖር ከጀመረች ብዙ ሺህ ዓመት ሆኗታል፤ በቆጵሮስ ደሴት ከሰው አጠገብ የተቀበረች፣ 9,500 ዓመት ገደማ የሆናት ድመት ተገኝታለች። ሆኖም ኩላሊቷ ዛሬም የበረሃ ኩላሊት ነው። ውሃ ቆጥቦ ሽንትን ያወፍራል። ሽታው የሚከብደውም በከፊል ለዚህ ነው። አይጥ ስትበላ ከሥጋው ውሃ ታገኛለች፤ ደረቅ ነገር ብቻ ስትበላ ግን የጎደለውን ጠጥታ አትተካውም። ስለዚህ በጥላ ሥር ሁለት ሦስት ቦታ ንጹሕ ውሃ አስቀምጡላት፣ ምግቧንም በውሃ ወይም ጨውና ሽንኩርት በሌለው የሥጋ መረቅ አርጥቡላት።

ከነርስ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አመማት ብላችሁ ፓራሲታሞል እንዳትሰጧት። ለእኛ ማስታገሻ የሆነው ለድመት መርዝ ነው፤ ጥቂቱም ይገድላታል።

ሁለተኛ፦ ጎርምሶ ይሆን?

ወጠጤ ፍየል ያሳደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ወጠጤው ሲጎረምስ ሽታው ከሩቅ ያስታውቃል፤ ሙክት ሲሆን ይቀራል። ወንድ ድመትም ስድስት ወር ገደማ ሲሞላው መጎርመስ ይጀምራል። «ይህ ቤት የእኔ ነው» ለማለት ሽንቱን ይረጫል። ይህን ከሌላው ለመለየት አቋሙን እዩ። የሚረጨው ቆሞ ነው፤ ጅራቱን አቁሞ እያንቀጠቀጠ ወደ ኋላው ግድግዳ፣ መቃን ወይም መጋረጃ ላይ ጥቂት ይረጫል። የሚሸናው ግን ተቀምጦ መሬት ወይም ፍራሽ ላይ ነው፤ መጠኑም ይበዛል። ነብሮ ሁለቱም ነበረበት። መቃኑና መጋረጃው ጉርምስና ሲሆን ፍራሹ ሕመም ነበር። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ «ዐመል» አልኩት።

የሚረጭ ድመት መፍትሔው ማኮላሸት ነው። ከተኮላሹ 10 ወንድ ድመቶች 9 ያህሉ መርጨታቸውን ይተዋሉ ወይም በጣም ይቀንሳሉ። ወዲያው ግን አይደለም፤ ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል። በግ እንደሚኮላሸው በቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር ግን አይደለም፤ በማደንዘዣ፣ በእንስሳት ሐኪም እጅ ይሠራ። በእኛ አካባቢ የእንስሳት ባለሙያው የለመደው ፍየልና ግመል ቢሆንም ጠይቁ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እንዳለው አትርሱ። ነብሮ ከሕመሙ ካገገመ በኋላ ተኮላሽቷል፤ መቃኑም ደርቋል።

ሦስተኛ፦ ቦታዋን ነስተናት ይሆን?

ሐርላ በቁፋሮ የታወቀ መንደር ነው። በ2009 ዓ.ም. የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የሚመሩት ቡድን ከዚሁ አፈር የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የመስታወት ዶቃና የሩቅ አገር ሳንቲም ማግኘቱን ለዓለም አስታውቋል። ድመትም በአቅሟ ቆፋሪ ናት። ልስልስ አፈር ወይም አሸዋ ትሻለች። ያንን ካጣች ለስላሳ ነገር ትፈልጋለች፤ እሱም ፍራሽ፣ የልብስ ክምር ወይም ምንጣፍ ይሆናል።

ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር ካለ አስታውሱ። አዲስ ሕፃን፣ አዲስ ውሻ፣ ግቢ የምትገባ የሌላ ሰው ድመት፣ የሰነበተ እንግዳ፣ የተለወጠ የዕቃ አቀማመጥ ድመትን ያስጨንቃል። ታናሽ ሲወለድበት ፍራሽ ማርጠብ የሚጀምር ልጅ አላያችሁም?

መፀዳጃዋን ማዘጋጀት ብዙ ወጪ የለውም። ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ የተነፋ ንጹሕ አሸዋ አራት ጣት ያህል ሙሉበት። ከምግቧና ከውሃዋ አርቃችሁ፣ ሰው የማይበዛበት ጥግ አኑሩት። ሁለት ድመት ካለ ሦስት ሳፋ ይሁን። የረጠበውንና ዓይነ ምድሩን በየቀኑ አውጡ፣ አሸዋውን በየጊዜው ለውጡ። የቆሸሸ ሽንት ቤት እኛም አንገባም።

ሽታውን እንዴት እናጥፋው?

ሽታው ከቀረ ድመቷ እዚያው ትመለሳለች። ገና እርጥብ ሳለ በጨርቅ ተጭናችሁ ምጠጡት፤ አትሹት፣ ይሰፋል። በውሃና በሳሙና እጠቡት። ከዚያ አቼቶ በእኩል ውሃ በጥብጣችሁ አርጥቡበትና ጥቂት አቆይታችሁ እጠቡት። ሲደርቅ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሳችሁ አሳድሩትና ጥረጉት። ለፍራሽና ለምንጣፍ የተሻለው ኢንዛይም ያለበት የልብስ ሳሙና ነው፤ ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ለብ ባለ ውሃ በጥብጣችሁ ዘፍዝፉት። በመጨረሻ ፀሐይ ላይ አውጡት፤ የድሬዳዋ ፀሐይ ዋጋ አትጠይቅም።

በረኪና ሽንት ላይ አታፍስሱ። ሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። አስም ላለበት ልጅና ለአዛውንት ክፉ ነው። በረኪናንና አቼቶንም ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ እሱም መርዛም ጋዝ ያወጣል። ውሃ ላይ ሲደፉት ወተት የሚመስለውን ፀረ ተባይም ድመት በምትረግጠው ቦታ አትጠቀሙ፤ እግሯን ስትልስ ይመርዛታል።

ነፍሰ ጡር ካለች

ምራቴ «ለፅንሱ አይጎዳም ወይ?» ብላ ጠይቃኛለች። ብዙዎቻችሁም እንደምትሰጉ አውቃለሁ። የሚፈራው ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። የሚተላለፈው በሽንት አይደለም፤ በድመት ዓይነ ምድር ነው። ያውም እንደወጣ ወዲያው አያስይዝም፤ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ አሸዋው በየቀኑ ከተጸዳ አደጋው በጣም ይቀንሳል። ማጽዳቱ ግን የነፍሰ ጡሯ ሥራ አይሁን፤ በእኛ ቤት የልጄ ሥራ ሆኗል። ከሌላ ሰው ካጣች ጓንት አድርጋ ትሥራና እጇን በሳሙና ትታጠብ። ድመቷን አስወጥቶ ጥሬ ሥጋ መብላት ግን ትርጉም የለውም፤ ይኸው ተሕዋስ በጥሬና በደንብ ባልበሰለ ሥጋ፣ ባልታጠበ ሰላጣም ይገባል።

አትምቱ

ድመት ስትመታ «እዚህ መሽናት ጥፋት ነው» ብላ አትማርም። የምትማረው እናንተን መፍራት ነው፤ ስትፈራ ደግሞ ተደብቃ ትሸናለች። የታመመች ድመት ስትመታ ልትነክስም ትችላለች። የነከሳችሁን ወይም የቧጨራችሁን ቦታ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ በድመትም ይተላለፋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ክትባቱ የሚጠቅመው ሳይዘገይ ሲወሰድ ነው።

ድመቷን በጆንያ ወስዶ መጣል የቤቱን ችግር ገበያ ማድረስ ነው። ለእንስሳዋም ርሃብና መኪና ነው። የእኛም ቤት አያርፍም። ማሽላ ካለ አይጥ አለ፤ አይጥም ይሸናል፣ እሱ ግን አይሸተንም። የአይጥ ሽንት የነካው ውሃና ምግብ ደግሞ በሰው ላይ ከባድ በሽታ ያመጣል።

ይህን ሁሉ ካወራኋት በኋላ ጎረቤቴን «ድመቷ ታምጣለች?» አልኳት። አታምጥም። «ደም አለው?» የለውም። ሴት ናት፣ በደንብ ትበላለች። «መቼ ጀመራት?» ስላት ትንሽ አሰበችና «ከልጄ ሠርግ ወዲህ» አለች።

ለሠርጉ ምን እንዳደረጉ ሁላችንም አይተናል። ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ አስደርገውታል። ድመቷ ስትቆፍርበት የኖረችው የፓፓያው ሥር ሳይቀር ተለብጧል። ጎረቤቴ ሲኒዋን እንደያዘች ዝም አለች። ከዚያ «ውይ! እኔ እኮ ነኝ ሽንት ቤቷን የዘጋሁባት» ብላ ሳቀች።

በማግስቱ ያው ጆንያ ከደረቁ ወንዝ አሸዋ ተሞልቶ መጣ። ሳፋው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ተቀመጠ፣ መስገጃውም ከስግደት በኋላ ተጠቅልሎ ከፍ ያለ ቦታ ይሰቀል ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት ድመቷ አንድ ቀን ምንጣፍ ላይ ተሳስታለች። ከዚያ ወዲህ እስከዛሬ አሸዋዋን እየቆፈረች ነው።

የእኔ ነብሮም ይህን ስጽፍ የልጅ ልጄ እግር ሥር ተጋድሟል። ልጁ አሁን ሥራ አለው፤ ጠዋት ጠዋት የነብሮን ውሃ ይለውጣል፣ አሸዋው መርጠቡንም አይቶ ይነግረኛል። «እማማ፣ ዛሬ ሸንቷል» ሲለኝ አልሐምዱሊላህም ተመስገንም እላለሁ፤ በእኛ መንደር ሁለቱም ይባላል።

ለሳምንቱ ሰው ይበለን።